የሙሴ ዘለቀ ጾም

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የዚያ የሙሴ ዘለቀ ስም በተነሣ ቁጥር ፊትሽ የሚጠቁረው ለምንድን ነው? ዛሬ ካልነገርሽን አንለቅሽም» ብለው ስለያዙኝ ነው ይህን የማወራው። ኸምሲን የሚሉት የበጋ ነፋስ ሲነሣና የጋለ አቧራ ከባሕር ጨው ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ አርሂባ ሰፈር በረንዳዬ ላይ መቀመጤን እረሳና ካርቲዬ ሁለት ወደሚባለው የልጅነት ሰፈሬ፣ እናቴ የከሰል ካውያዋን እፍ እያለች ወደምታግልበት የጣውላ ቤታችን ተመልሼ እገባለሁ።

እናቴ የሰው ልብስ ትተኩስ ነበር። አባቴ ገና ሳላውቀው ስለሞተ፣ የባቡር ሠራተኞቹን ካኪና የሙሴ ዘለቀን ነጭ ሱሪ እየተኮሰች ነው ያሳደገችኝ። ሙሴ ዘለቀ ማለት፣ «ሙሴ» በፈረንሳይኛ አቶ ነው፣ ያኔ ይህን የወደብ ከተማ ይገዙ በነበሩት ፈረንሳዮች ባንክ ውስጥ ከመስኮቱ ኋላ የሚቀመጥ ብቸኛው ያገራችን ሰው ነው፤ በዚያ ላይ የደብራችን አለቃ መካሪ ነበር። አለቃው ፈረንሳይኛ ስለማያውቁ ከመንግሥት ቢሮ የሚመጣውን ወረቀት እያነበበ ይተረጉምላቸው ነበር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ማን ክርስትና ይነሣ፣ ማን ማኅበር ይግባ የሚለውም ምክር የሱ ሆነ። ሴቶቹ ቦኖ ውሃ ላይ ሲገናኙ «አለቃው ያለ ሙሴ ዘለቀ ፈቃድ አያስነጥሱም» እያሉ ይስቁ ነበር። እውነቱን ካልተናገርኩ እግዜር ይታዘበኛል፣ ፊቱ ክፉ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በለስላሳ እጁ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ያልፍ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ሙቀቱ ሊገባ ሲል፣ እናቴ ወንድሜን ወለደች። የሕፃኑ አባት ባቡር ላይ የሚሠራ የድሬዳዋ ሰው ነበር፤ አገባሻለሁ ብሏት ሄዶ ቀረ። በአርባ ቀኑ ሕፃኑን አጥባ፣ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ፣ የማተቡን ክር እኔን አስይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አለቃው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ነበር፣ ሙሴ ዘለቀም ከጎናቸው።

«አባቱን ይዘሽ ነይ» አላት ሙሴ ዘለቀ። «ያንቺን ዝም ካልን፣ ነገ የከተማው ገረድ ሁሉ ዲቃላዋን ታቅፋ እዚህ በር ላይ ትሰለፋለች።»

እናቴ ወደ አለቃው ዞራ «አባቴ፣ ሕፃኑ ምን አጠፋ?» አለች። አለቃው ሙሴ ዘለቀን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አዩና ገቡ።

ከዚያ በኋላ ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው ባቡር ሁሉ መልእክት እንልክ ነበር፤ ባቡሩ በተመለሰ ቁጥር ጣቢያው ሄደን የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ ባንድ እናይ ነበር። ሰውየው አልመጣም፣ ኸምሲን መጣ። ወንድሜ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሰውነቱ ጋለ፣ ቀትር ላይ ጡት እምቢ አለ፣ እናቴም ሳይጠመቅ እንዳይሞትባት ሮጠሽ አለቃውን ጥሪ ብላ ላከችኝ። እዚህ አገር በቀትር ሁሉም በሩን ዘግቶ ይተኛል። በባዶ እግሬ በዚያ በጋለ መሬት ሮጬ አለቃው ቤት ስደርስ የከፈተልኝ ምሳ ሊበላ የመጣው ሙሴ ዘለቀ ነበር። አለቃው ሸለብ አድርገዋል፣ ፀሐይ ስትበርድ ነይ አለኝ፤ ጉንጬንም ቆነጠጠኝ። ፀሐይ ሳትበርድ ወንድሜ ሞተ። ያልተጠመቀ ነው ተብሎ ፍትሐት ቀረበት፣ ከክርስቲያኖቹ መቃብርም ከለከሉን፣ ከከተማው ወጣ ካለ ድንጋያማ ሜዳ ላይ ጎረቤታችን ሶማሌው ዋርሳሜ ቆፍሮ ቀበረልን። እናቴ በሳምንቱ ያንን ነጭ ሱሪ ተኩሳ ላከች። ካውያውን ለምን አታቃጥይበትም ብላት «እንጀራችን ነው» አለችኝ።

እኔ ግን አልረሳሁም። ነፋሱ ቀዝቅዞ ሁዳዴ ሲገባ የሙሴ ዘለቀ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ወጥ ቤቷን የምትረዳ ልጅ ፈለገች፣ እኔም ደስ እያለኝ ሄድኩ። ሙሴ ዘለቀ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም ይባልለት ነበር፤ አለቃው በስብከታቸው «እንደሱ ጹሙ» ይሉ ነበር። እኔ ለየመኑ ባለሱቅ እየተላላክሁ በወረቀት ጠቅልሎ የሚሰጠኝን ቅቤ ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ አመጣና፣ ሽሮውን ሳቀርብለት በየቀኑ ጠብ አደርግበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን በር ስር ቆሜ አየሁት። ጎረሰ፣ ከዚያ ጢሙን ጠረገና ለወጥ ሠሪዋ «ዛሬ እጅሽ ይባረክ፣ ነገም እንዲሁ አድርጊልኝ» አላት። ስንት ቀን ሙሉ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ መሰላችሁ! በትንሣኤ ሊቆርብ ሲቀርብ ወድቆ ይቃጠላል ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። አፉን በእጁ ሸፍኖ በሰላም ወጣ። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል ለወንድሜም አላዘንኩም ይሆናል።

ያንን ኃጢአት ለንስሐ አባት ሳልናገር ጸጉሬ ሸበተ፤ ብናገር ጸጸተኝ ማለት ይሆንብኛል፣ አልጸጸተኝምና። ዛሬ በየሰው ቤት ከሚሠሩት ልጆች አንዷ ያለ አባት ሕፃኗን ታቅፋ በዚያው በር ስትገባ አያለሁ፤ አባቱ የታለ የሚል የለም፣ ቄሱ ፈገግ ብለው ይቀበሏታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ደረቴን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሙሴ ዘለቀ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ወይዘሮ አስካለ አልጋ ላይ ውላ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ስለ ድሮው እያወራን የባሏን ጾም አነሣሁባት፤ ሳቀች። «ምን ጾም አለው፣ ጨጓራው አይችልም ነበር እኮ። አለቃው አንቺ እኛ ቤት ሳትመጪ ገና ከጾም ፈትተውለታል፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ወተትና እንቁላል ጓዳ ገብቼ የማበላው እኔ ነበርኩ። ሕዝቡ እንዳይሰናከል ለማንም አይንገሩ ብሎ የመከራቸውም እሱ ራሱ ነው።»