የትምህርት ክፍል ለመምረጥ ፒያሳ ድረስ

ከቱሉ ዲምቱ የወጣሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሻለሁ፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚዘጋው በማግስቱ ነበር። እናቴ «አካውንቲንግ ግቢና እንገላገል» ትላለች። እኔ የፈለግሁት ቱሪዝም ማኔጅመንት ነው፤ ንግዱንም ባህሉንም አንድ ላይ ያስተምራል። ሐሳቡ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አጎቴ ጋሽ ታደሰ ፒያሳ ብርና ወርቅ ሠሪ ናቸው፤ «ተምረሽ ነይ፣ ሱቁ ያንቺ ነው» ብለውኛል። እዚያው አብሯቸው ይሠራ የነበረው የሟች አባቴ የመስቀልና የጉትቻ ናሙናዎችም እሳቸው ዘንድ ነበሩ። በእነሱ መሠረት እያሠራሁ ለአገር ጎብኚ መሸጥ ነበር ሕልሜ። ሱቁ መፍረሱንና ቦታ መቀየራቸውን በስልክ ነግረውኛል፤ ቅጹን ከመሙላቴ በፊት በዓይኔ ላየው ሄድኩ።

ረፋድ፣ ፒያሳ

አውቶቡሱ ለገሃር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ በታክሲ ቸርችልን ሽቅብ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ፒያሳ። ወርጄ ወደ ውቤ በረሃ የሚያስገባውን ቅያስ ፈለግሁ። ቅያሱ የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የመብራት ምሰሶ፣ የተተከለ ሣር። ያምራል፣ አልዋሽም። አባቴ ሃያ ዓመት ተቀምጦ የሠራበትን ቦታ ግን መለየት አቃተኝ።

ጋዜጣ የሚያዞሩ አንድ አዛውንት «ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

«የወርቅ ሠሪዎቹ መደዳ የት ነበር አባባ?»

«ቆመሽበታል!» ብለው ሳቁ። «ቀስ ብለሽ ርገጪ፣ ወርቅ ነው።»

ማኪያቶ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ጠጣሁ፤ ሰባ ብር።

አምስት ሰዓት፣ ወደ ሥላሴ በሚወስደው መንገድ

ጋሽ ታደሰን ያገኘኋቸው አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ትንሿን ክፍል ከሦስት ሌሎች ባለሙያዎች ጋር ተጋርተዋታል። ፊታቸው የተደረደረው ከውጭ የመጣ የማሽን ሐብል ነው።

«ናሙናዎቹስ ጋሼ?»

«አቀለጥኳቸው» አሉኝ።

የድሮ ብር ሠሪ ናሙናውን ለማንም አያሳይም። ሌላ ባለሙያ ሲገባበት ሥራውን በጨርቅ ይሸፍናል፤ ወንድም ለወንድሙ እንኳ አያስገለብጥም። ጋሼ ሱቁን ሲለቁ የናሙናዎቹን ሣጥን ይዘው ከሦስት ተፎካካሪ ጋር አንድ ክፍል መግባት አስፈራቸው።

«ከሚሰርቁኝ ብዬ ነው። እጄ ያውቀዋል፣ ስረጋጋ መልሼ እሠራዋለሁ አልኩ።»

«ፎቶስ አላነሱትም?»

«ፎቶ? አገር ምድሩ እንዲያየው?»

«አሁንስ ይሠሩታል?»

ዓይናቸውን ጠቆሙኝ፤ ሞራ ለብሷል። «የብሩን ክር አላየውም ልጄ። እናትሽ ልክ ናት፣ አካውንቲንግሽን ተማሪ።»

በጣም ተናደድኩባቸው። ሌባ ሳይመጣ የገዛ ቤቱን ያቃጠለ ሰው መሰሉኝ። ልሄድ ስነሳ ግን እጃቸውን አየሁ፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ጣቶቻቸው ክር እንደሚያጠማዝዝ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። ተቀመጥኩና ምሳ አብረን በላን።

አመሻሽ፣ ቤት

በመመለሻው መንገድ ሁሉ የማስበው ይህንኑ ነበር። ንግድና ባህልን የሚያጣምር ትምህርት ፍለጋ ስንከራተት፣ አባቴና ጋሼ ሁለቱን ነጣጥለው አያውቁም ነበር። ጋሼን ብቻ መውቀስም አልችልም። ናሙናዎቹ ሳይቀልጡ «ያሳዩኝ» ማለት ነበረብኝ። ነውር መስሎኝ፣ ወግ ነው ብዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ የተማርኩትም ካለፈ በኋላ ነው።

ቅጹን ከፍቼ አንደኛ ምርጫ ላይ አካውንቲንግ ሞላሁ። እናቴ «ተመስገን» ብላ ጉንጬን ሳመችኝና እራት ልታቀርብ ገባች። እኔ እርሳስ አንስቼ የአባቴን መስቀል ለመሳል ሞከርኩ። አራቱን ክንዶች አወጣኋቸው። መሃሉ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም።