አንዲት ባቄላ የምትይዝ ኪስ

ወይዘሮ ኪስ ከኪስ ሌላ ሰፍታ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልብስ ፋብሪካው መስመር ስድስት፣ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛዋ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ኪስ ስትሰፋ ኖረች። እጅጌው የሌላ ሴት ሥራ ነው፤ ኮሌታው የሌላ፤ ቁልፉ ደግሞ ግድግዳው ሥር የተደረደሩ የስምንት ሴቶች። "አንድ ሙሉ ሸሚዝ ስፊልኝ" ቢሏት ኪሱን ሰፍታ፣ የተረፈውን ጨርቅ በሥርዓት አጣጥፋ ነበር የምትመልስላቸው። ስሙን ያወጡላት የመስመሩ ሴቶች ናቸው። እሷም በጣም ከመልመዷ የተነሳ አንድ ጊዜ ክሊኒክ ውስጥ እናት አባቷ ያወጡላት ስም ሲጠራ "ይቺ ሴትዮ የት ሄዳ ነው?" ብላ ከሌሎቹ ጋር ዙሪያዋን ስትፈልግ ተገኝታለች።

ግን ኪሷ ኪስ ነበር። ማዕዘኑን ሦስት ጊዜ ትመላለስበታለች። ሸሚዙ ይቀደዳል እንጂ የሷ ኪስ አይነቀልም፤ ይህ ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ ኋላ ጣጣ ያመጣውም ይኸው ነው።

ያሳደጓት አክስቷ ናቸው፤ ዛሬም ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አክስቷ በራቸው ላይ ስኳርና ሽንኩርት ይቸረችራሉ። ሽርጣቸው ላይ ሁለት ትልልቅ ኪሶች አሉ፤ በነዚያ ውስጥ ቁልፍ፣ መቀስ፣ መነጽር፣ የመነጽሩ ስባሪ፣ እንዲሁም ከሦስት ዓመት በፊት የወለቀች ጥርሳቸው ትገኛለች። ጥርሷን ለምን እንዳስቀመጧት ሲጠየቁ "የኔ አይደለችም እንዴ?" ይላሉ። በሰፈሩ የታወቁት ግን በጆንያ አከፋፈታቸው ነው። ሰዉ ሁሉ የስኳር ጆንያ በቢላ ሲዘለዝል፣ እሳቸው የክሩን ትክክለኛ ጫፍ በሁለት ጣት ይይዙና አንዴ ሳብ ያደርጋሉ። ጥርርር ብሎ የጆንያው አፍ ወለል ይላል። ወይዘሮ ኪስ ይህን ጥበብ የተማረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ያቺ ኪስ መጣች። አዲስ የሴት ሸሚዝ ታዝዞ፣ ሥዕሉ ላይ በስተቀኝ፣ ከወገብ በታች፣ ሁለት ጣት ስፋት ያላት ኪስ ተሥላ ነበር። ወይዘሮ ኪስ ሥዕሉን አገላብጣ አየችውና የመስመሩን አለቃ ጠራችው። አለቃው ሲራመድ ስለሚያፏጭ ፉጨት ይሉታል፤ ስፌትን በደብተር የተማረ፣ መርፌ ላይ ክር አስገብቶ የማያውቅ ጎልማሳ ነው።

"ይቺ ምን ትይዛለች?" አለችው።

"እኔ በምን አውቄ? ተሥላለች፣ ስፊያት።"

መስመር ስድስት በዚህ ነገር ሳምንት ሙሉ ተከራከረ። ኮሌታ ሰፊዋ "የጥርስ መጎርጎሪያ ናት" አለች። ቁልፍ ሰፊዎቹ ስምንት ስለሆኑ ስምንት ሐሳብ አመጡ፤ ከመካከላቸው አንዷ "የባል ፎቶ መያዣ ናት" ብላ ስትምል፣ ሌላዋ "እንዲያ ከሆነ እዚያ አገር ባሎቹ ደቃቆች ናቸው" አለች። ወይዘሮ ኪስ ለሙከራ የተሰፋችውን ለአክስቷ ወስዳ አሳየቻቸው። አክስቷ ቁልፍ ሞከሩ፣ አልገባም። መቀሱ አልታሰበም። ጥርሳቸው ገባች፤ ግን ለመውጣት እምቢ ብላ ቤቱን አተራመሰች። በመጨረሻ ባቄላ አመጡ። ኪሷ አንዷን ዋጥ አደረገቻት፤ ሁለተኛዋ አፏ ላይ ቀረች።

"የባቄላ ኪስ ናት" ሲሉ ፈረዱ። "እዚያ አገር ባቄላ ቢወደድ ነው።"

ወይዘሮ ኪስ ግን ከልቧ አዘነች። ምንም የማይዝ ኪስ ሰፍቶ ለሰው መላክ ስድብ መሰላት። ምስጢሩን የነገራት የመጋዘኑ ጸሐፊ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል።

"ሸሚዙ የሚሸጥበት ባለጠጋ አገር ያወጣው ሕግ ነው" አላት። "ከወገብ በታች ኪስ ያለው የሴት ሸሚዝ ትንሽ ቀረጥ ይከፍላል። ኪስ የሌለው ብዙ ይከፍላል።"

"ለምን?"

"ለምን ይባላል እንዴ? ሕግ ነው አልኩሽ። ይልቅ እወቂው፣ ያቺ ኪስ ባትኖር ገዢው እኛ ጋ አይመጣም ነበር። መስመር ስድስትን በእግሩ ያቆመችው እሷ ናት።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ኪስ አረማመዷ ተለወጠ። አርባ ሴት የምታድረው በሷ ኪስ መሆኑን ካወቀች በኋላ አንገቷን ቀና አድርጋ ትገባ ጀመር። እንዲያውም አንድ ቀን ኮሌታ ሰፊዋን "እስኪ ሻይ አምጪልኝ" ብትላት፣ "ራስሽ አምጪ፤ ኪስሽ ውስጥ አስቀድተሽ" ብላ አሳቀችባት።

አንድ ሰኞ ጧት ፉጨት ሳያፏጭ ገባ። ከኋላው ሥራ አስኪያጁ ተከትሎታል፤ በግራ እግሩ ጥቁር፣ በቀኙ ቡናማ ጫማ አድርጓል። ባለጠጎቹ ተሰብስበው ሐሳባቸውን ቀይረዋል። አሁን ብዙ የሚከፍለው ኪስ ያለው ሸሚዝ ሆኖ፣ ኪስ ለሌለው ተቀንሶለታል። ስምንት ሺህ ሸሚዝ ደግሞ ተጣጥፎ ካርቶን ገብቷል። ገዢው የላከው ቃል አጭር ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ኪሱ ይነሳ፣ አለዚያ ሸሚዙም ይቅርብኝ። ሸሚዙ ከቀረ መስመር ስድስት ይዘጋል።

"ተርትሩ!" አለ ፉጨት።

ተረተሩ። የመጀመሪያው ኪስ ከነጨርቁ መጣ። ሁለተኛው የሸሚዙን ጎን ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ላይ ኮሌታ ሰፊዋ እግሯን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ብትጎትት፣ ኪሱ እንደነበረ ሆኖ ሸሚዙ ለሁለት ተከፈለ። አሥረኛው ላይ ሥራ አስኪያጁ "በቃ፣ በቃ!" ብሎ ራሱን ያዘ። አርባ ሴት ዞር ብላ ወይዘሮ ኪስን አየቻት።

"ምነው፣ ምነው እንዲህ አጠበቅሽው?" አለ ፉጨት።

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ 'አጥብቂ፣ አጥብቂ' ስትሉኝ አልነበር እንዴ? 'ነገ ይነቀላል' ያለኝ ማን አለ?"

መልሱን ትመልስ እንጂ ፈርታለች። ኪስ ብቻ መስፋት የምትችል ሴት የትኛው ፋብሪካ ይቀጥራታል? ከዚህ በላይ ደግሞ ያስጨነቃት የሴቶቹ ዝምታ ነው፤ ሰድበዋት ቢሆን ይሻላት ነበር። ከሥራ ወጥታ በእግሯ ቤት እስክትደርስ ድረስ፣ ምነው አንድ ጊዜ እንኳ አላልቼ በሰፋሁ እያለች ተጸጸተች፤ ወዲያው ደግሞ በጸጸቷ ተናደደች።

አክስቷ በር ላይ አዲስ ጆንያ ሊከፍቱ ጎንበስ ብለው አገኘቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው። አክስቷ ሰምተው ሲያበቁ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አሉና ክሩን ሳቡት። ጥርርር። ወይዘሮ ኪስ የተከፈተውን አፍ አይታ አይታ፣ ክሩን ከመሬት አነሳችና ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

በማግስቱ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

"ጌታዬ፣ ኪስ ኪስ የሚሆነው አፍ ሲኖረው ነው። አፉን እንስፋው።"

ሥራ አስኪያጁ የመጋዘኑን ጸሐፊ አስጠራ። ጸሐፊው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አነበበውና "ምንም የማይገባበት ከሆነ ጌጥ ነው የሚባለው" አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡን እንደ ራሱ ሐሳብ አድርጎ ለገዢው ጻፈ፤ ገዢውም እሺ አለ።

ወይዘሮ ኪስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሰው የተቀመጡት ሁለቱ የሰንሰለት ስፌት መኪናዎች ይከፈቱልኝ አለች። ፉጨት "ለምን በነሱ?" ሲላት "ይፈጥናሉ" አለችው። መፍጠናቸው እውነት ነው፤ እሱም ሌላ አልጠየቀም። በሁለተኛው መኪና ላይ ኮሌታ ሰፊዋ ተቀመጠች። ጥቂት እንደሰፋች ነገሩ ገባትና ወይዘሮ ኪስን በጎን አየቻት። ወይዘሮ ኪስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ፉጨት ቢሰማ "ጉድለት ነው" ብሎ እንደሚያስቆማቸው ያውቃሉ። የቀሩት ካርቶን ሲፈቱና ሲያጥፉ፣ ሁለቱ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ አፍ ዘግተው ቅዳሜ ከምሳ በፊት ጨረሱ። ፉጨት እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ጧት የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ እየሮጠ መጣ። ዛሬ ደግሞ አንዱን ጫማ ጭራሽ ረስቶታል።

"አራዘሙት!" አለ። "አዲሱ ሕግ ለጊዜው ይቆይ ብለዋል። የድሮው ይሠራል። ኪስ... ኪስ ያለው ነው የሚፈለገው!"

ካርቶን ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ፉጨት ወሽመጡ ተቆረጠ። "ምላጭ አምጡ" አለ በደከመ ድምፅ፤ "በምላጭ አንድ ሳምንት ነው፤ መኪናው ደግሞ እስከ ማታ ብቻ ነው የሚጠብቀው።" ከሴቶቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

ወይዘሮ ኪስ ተነስታ ካርቶኑን ከሥራ አስኪያጁ ሥር "ይቅርታ" ብላ ጎተተችና አንድ ሸሚዝ አወጣች። የክሩን ትክክለኛ ጫፍ በመጀመሪያው ሙከራ አልያዘችውም። በሁለተኛው ያዘችና ሳብ አደረገችው።

ጥርር።

የሰንሰለት ስፌቱ እንደ ስኳር ጆንያ ክር በአንዴ ተተርትሮ፣ ያቺ ቁራጭ ኪስ አፏን ከፈተች። ምንም አልተቀደደም። ኮሌታ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት፤ አርባው ሴት ተከተላት። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ውስጥ ጥርር፣ ጥርር፣ ጥርር ብቻ ሆነ። ሥራ አስኪያጁም በአንድ ጫማው ቆሞ አሥራ አምስት ያህል ሳበ፤ አሥራ ስድስተኛውን በተሳሳተው ጫፍ ይዞ ሲታገል አንዲት ቁልፍ ሰፊ ቀማችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወለሉ በክር ተሸፍኖ፣ ፉጨት ጢሙ ላይ ሳይቀር ክር ተንጠልጥሎበት፣ መኪናው ተጭኖ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ወይዘሮ ኪስ ቀረብ አለ።

"እንደሚቀይሩት በምን አወቅሽ? ወረቀቱን ማን አሳየሽ?"

"ወረቀት የት አውቄ፣ ጌታዬ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለ አንዲት ባቄላ ኪስ ተሰብስቦ ሐሳቡን የቀየረ ሰው፣ እንደገና ላለመሰብሰቡ ዋስ ይጠራል እንዴ? ለኛ መዘጋት ነው፤ ለነሱ ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነው።"

ወይዘሮ ኪስ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እፎይ አለች፤ በደስታም እንባዋ መጣ። ለአክስቷ የምትነግረውን በልቧ እያሰላሰለች ሳለ፣ ፉጨት ሁለቱን የሰንሰለት መኪናዎች አቧራ እንዳይነካቸው ላስቲካቸውን ሊያለብስ ሲሄድ አየችው።

"ተወው፣ አታልብሳቸው" አለችው። "ገና ሰኞ ነው።"