በ«ጎት» የተበቀልኩበት አርብ

ባለፈው ወር የዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ጎት» (got) የሚለውን ቃል ጽፎ ወደ እኛ ሲዞር፣ እጄ ሳላዝዘው ወደ አናቴ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ራሴን ያመመኝ መስሏት ውሃ አቀበለችኝ። አመስግኜ ጠጣሁ፤ እውነቱን ግን አልነገርኳትም። ልጅ እያለሁ እኛ ሰፈር የእንግሊዝኛ ግስ የሚገባው በአናት በኩል ነበር። ይህን በአንድ ጉንጭ ውሃ መሃል ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል።

ያደግሁት ከሮብ ገበያ ወጣ ብላ፣ የጮቄ ተራራ ብርዱን በማይሰስትላት መንደር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሜዳው ላይ ውርጭ ያድራል። በኮንጎ ጫማችን እየረገጥነው፣ ከእግራችን ስር ሲንኮሻኮሽ እየሰማን ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። ክፍላችን ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉም አፈር ነው። የረጠበ ጋቢ፣ ጠመኔና በኪሳችን የያዝነው የገብስ ቆሎ ተደባልቆ ይሸታል። እድሜያችሁ ከእኔ የሚቀራረብና ደጋ ያደጋችሁ ይህን ሽታ የምታውቁት ይመስለኛል።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ደሴ ሰኞ ሰኞ አንድ የአላፊ ጊዜ ግስ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፋል። ቃሉ እስከ አርብ አይጠፋም። አርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሁላችንም እንቆማለን። ተራ በተራ በዚያ ቃል ዓረፍተ ነገር እንሠራለን፤ የአማርኛ ትርጉሙንም እንናገራለን። ሌላው ያለውን የደገመ ወይም ዝም ያለ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ቆሞ የቀረው ልጅ በየወንበሩ እየዞረ የተቀመጡትን ሁሉ ይኮረኩማል። የሚኮረኮመው ቆቡን ወይም ሻሹን አውልቆ ያቀረቅራል። እጁን አናቱ ላይ ካደረገ ይደገምለታል። ዛሬ እንዲህ ያለው ነገር በትምህርት ቤት ክልክል ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ያኔ ግን እኛም ወላጆቻችንም የትምህርቱ አንድ ክፍል አድርገን ነበር የምናየው።

ቆሞ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሞላ ነበር። ሞላ የአክስቴ ልጅ ነው። እነሱ ቀበሌ ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ስለማያልፍ እኛ ቤት ሆኖ ይማር ነበር። በማሸነፉ አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ሌሎቹን ልጆች ለስሙ ያህል ነካ ነካ አድርጎ ያልፍና እኔ ዘንድ ሲደርስ ስለሚቆም ነው። የመሃል ጣቱን አንጓ ሹል አድርጎ ያወጣል። እፍ ይልበታል። ከዚያ ነው የሚያወርደው። ማታ ደግሞ ከአንድ ገበታ እንበላለን፤ ወጡን ወደ እኔ ገፋ እያደረገ «ብይ እንጂ ባንቻየሁ፣ አናትሽ እንዲጠነክር» ይለኛል። አባቴ ሳይቀር ይስቃል።

የባሰ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሞላ ደብተሩን ይዞ ፀሐይ ያለበትን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። እኔ ጀሪካኑን በገመድ አዝዬ ምንጭ እወርዳለሁ። ስመለስ እሱ አጥንቶ ጨርሷል፤ እኔ እሳት አነዳለሁ። ውሃውን ሁላችንም እንጠጣዋለን፤ የሚያጠናው ግን እሱ ብቻ ነው። ዳገቱን ስወጣ፣ ውሃው ጀርባዬ ላይ ሲንቦጫረቅ፣ በየእርምጃው የሞላን አናት አስብ ነበር። ክብ ነው፤ ከኋላው ትንሽ ወጣ ይላል። አባቴ በየጊዜው በምላጭ ስለሚላጨው የት ጋ ቢመታ እንደሚያም በደንብ ይታያል።

አንድ አርብ አናቴ አብጦ መጣሁ። እናቴ ቅቤ እየቀባች እብጠቱን ስታሽልኝ አባቴ ከማሳ ገባና አየኝ። ተናደደ፤ የተናደደው ግን በሞላ አልነበረም።

«በየሳምንቱ ቀጥቅጠው የሚልኳት ልጅ ምን ትማራለች? ትቅርና እናቷን ታግዝ» አለ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ምን ያድርግ፤ አናቷ እኮ ድንጋይ ነው፣ የሚገባበት የለው» አለ ሞላ እየሳቀ።

እኔ አባቴ ፊት ቃል የምመልስ ልጅ አልነበርኩም። የዚያን ቀን ግን ቅቤው ግንባሬ ላይ እየወረደ፣ እሱ ውሃ እየቀዳ እኔ ያጠናሁ ቢሆን የማን አናት ያብጥ እንደነበር ጠየቅሁ። እናቴ እጇን ከራሴ ላይ አላነሳችም።

«ጥሩ» አለ አባቴ። «የሚመጣው አርብ ካሸነፍሽው ውሃውን እሱ ይቀዳል፤ አንችም ትማሪያለሽ። ካሸነፈሽ ደግሞ ሰኞ ደብተርሽን አስረክበሽው ከቤት ትቀሪያለሽ።»

አባቴ ከአፉ የወጣውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ሞላም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ነው ሳቁ የቀረው።

ሰኞ ዕለት ቲቸር ደሴ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ጎት» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው። «ጎት» ማለት «አገኘ» ነው፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። እርሳስ አገኘሁ፣ ደብተር አገኘሁ፣ በግ አገኘሁ እያሉ መቀጠል ነው። ሞላ ወደ ቤት ስንሄድ መንገዱን ሙሉ እያፏጨ ያገኘውን ሲቆጥር ነበር፤ በሬ አገኘ፣ ፈረስ አገኘ፣ ጃንጥላ አገኘ። እኔ እንዲህ ቆጥሬ እንደማልቀድመው ገባኝ። ዕቃ ለመቁጠር ጊዜ ያለው እሱ ነው።

በዚያ ሳምንት የእናቴ ወንድም አያ ጥበቡ ገብስ ሊያጭድልን መጥቶ ነበር። አያ ጥበቡ የቅኔ ተማሪ ነው፤ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ምሳ ይዤለት ማሳ ስሄድ ብቻዬን ሳጉተመትም ሰማኝና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ደብተሬን እንዳላጣ ብቻ ሳይሆን የሞላን አናት እንደምፈልገውም አልደበቅሁትም። የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ማጭዱን አስቀምጦ ሳቀ።

«ይህ ጎት የምትይው ግስ ከማን ከማን ጋር ይውላል?» አለኝ።

«አገኘ ማለት ነው፣ አያ።»

«ትርጉሙን አልጠየቅሁሽም። ጓደኞቹን ነው። ግስ ከቤት ጋር ሲውል ሌላ ይሆናል፣ ከበሽታ ጋር ሲውል ሌላ። እኛ ግስ ስንማር ከነጓደኞቹ ነው። ሂጅና የዚህን ጓደኞች ፈልጊ።»

በማግስቱ ቲቸር ደሴን መዝገበ ቃላት እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ጀርባው የተገነጠለ አንድ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ቆሜ እንዳነበው ፈቀደልኝ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ሲሯሯጡ እኔ ገጹን በብርድ በደነዘዘ ጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አያ ጥበቡ እውነቱን ነበር። «ጎት» ከቤት ጋር ሲሆን ደረሰ፣ ከሕመም ጋር ሲሆን ታመመ ማለት ነው። ጨለማም አለበት፣ ቁጣም አለበት፣ ከአውቶብስ መውረድም አለበት። እንዲያውም አንድ ነገር ሲገባን «ገባኝ» የሚባለውም በዚሁ ቃል ነበር።

ከሰዓት ማሳ ወርጄ አያ ጥበቡ ያጨደውን ነዶ መሸከም ጀመርኩ። የቅኔ ተማሪ እንዴት በቃሉ እንደሚይዝ ያሳየኝ ያኔ ነው። አንድ ነዶ አስቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ። ቀጥሎ ሌላ ነዶ፣ ሌላ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ከመጀመሪያው ነዶ ጀምሮ በእግሬ እየሄድኩ እያንዳንዱን በእጄ እየነካሁ መልሼ እላቸዋለሁ። እሱ ቃሉ ባይገባውም ድምፄ ከተደናቀፈ ያውቃል። «ተመለሽ» ይለኛል። የገብሱ ሽታ፣ አንገቴ ውስጥ የገባው ገለባ፣ ልቤ ውስጥ ያለው ቂም አብረው ያሳክኩኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ነዶዎቹ ወደ አውድማ ሲጫኑ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማሳው ላይ አያቸው ነበር።

አርብ ደረሰ። ሁላችንም ቆምን። እርሳሱ፣ ደብተሩ፣ በጉ መጣ። ቲቸር ደሴ ጥቂት ሰማና እጁን አነሳ።

«ዛሬ ዕቃ መቀያየር አይሠራም። ገበያ አይደለም። ትርጉሙ ራሱ ይቀየር።»

ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ እንደ ታጨደ ገብስ በረድፍ በረድፍ ተቀመጠ። ቆመን የቀረነው ሞላና እኔ ብቻ ነበርን። ሞላ ሰነፍ አልነበረም፤ እንደኔ ቃሉን ባይፈታትሽም ከመጽሐፋችን ያነበበው ነበረው። «አይ ጎት አፕ፤ ከእንቅልፌ ተነሳሁ» አለ። እኔ «አይ ጎት ሆም፤ ቤቴ ደረስኩ» አልኩ። እሱ «አይ ጎት ሲክ፤ ታመምኩ» ሲል ልቤ ደነገጠ፤ ያ የእኔ ሁለተኛ ነዶ ነበር። ዘለልኩትና ወደሚቀጥለው ሄድኩ። «ኢት ጎት ዳርክ፤ ጨለመ።»

ሞላ ጣሪያውን አየ። ቲቸር ደሴ በጠመኔው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ሞላ ዞር ብሎ አየኝና ፊቱ በራ።

«ባንቻየሁ ጎት ኩርኩም» አለ። «ባንቻየሁ ኩርኩም ቀመሰች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኩርኩም እንግሊዝኛ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ቲቸር ደሴ ግን የተጠየቀው ግሱ ነው፣ ግሱን በትክክል ተጠቅሞበታል ብሎ ራሱም እየሳቀ አሳለፈው። ጆሮዬ ጋለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ማሳው ላይ ብዙ ነዶ ቀርቶኝ ነበር፤ አውቶብሱም፣ ቁጣውም አሉ። ነገር ግን ከሁሉም መጨረሻ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት አንድ ነበር። ዓይኔን ገልጬ በቀጥታ እያየሁት ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«ሞላ ጎት ስኬርድ። ሞላ ፈራ።»

ማንም አልሳቀም። ሞላ አፉን ከፈተ። «አይ ጎት...» አለ። ደግሞም «አይ ጎት...» አለ። የሚያውቀው ሁሉ አልቆበታል። ከዚያ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

ሌሎቹን ልጆች በጣቴ ጫፍ እየነካሁ አለፍኩ፤ ከእነሱ ጋር ጠብ አልነበረኝም። ሞላ ዘንድ ስደርስ ቆምኩ። ቆቡን አውልቆ አቀርቅሯል። የመሃል ጣቴን አንጓ አወጣሁ። እሱ እንደሚያደርገው እፍ አልኩበት፤ እፍታዬን እንዲሰማው ጠጋ ብዬ ነው ያልኩት። ከዚያ አወረድኩት። ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ።

«ቀስ በይ እንጂ አንች» አለ በሹክሹክታ።

«ይህ የባለፈው ሳምንት ነው» አልኩት። «አሁን የዛሬውን ልስጥህ።»

የዛሬውንም ሰጠሁት። ሦስተኛውን ላደርስለት ስል ቲቸር ደሴ እጄን ያዘኝ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ተጸጽቼ አላውቅም።

ማታ አባቴ ማን እንዳሸነፈ ሲጠይቅ እኔ አልመለስኩም። ከእሱ አፍ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። ሞላ ምድጃውን እያየ «እሷ ናት» አለ። አባቴ በጭንቅላቱ ጀሪካኑን አመለከተው። ሞላ በአህያ ልጫነው ብሎ ለመነ፤ አህዮቹ ነዶ ያመላልሳሉ፣ በጀርባህ ነው ተባለ። እኛ አገር ያን ጊዜ ወንድ ልጅ ውሃ አዝሎ ሲሄድ ማየት ብርቅ ነበር። ምንጩ ላይ ያሉት ሴቶች ገና ከሩቅ ሲያዩት ተራቸውን ለቀቁለት።

«ሞልዬ፣ ማን ዳረሽ?» አለችው አንዷ።

«ባሏ ክፉ ነው መሰለኝ፣ አናቷን ደቁሷታል» አለች ሌላዋ።

እኔ ከምንጩ በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ለማጥናት የተሻለ ቦታ አላጣሁም። ግን ከዚያ ላይ ሆኜ ገመዱ ትከሻውን ሲቆርጠው፣ ጎንበስ ብሎ ዳገቱን ሲጀምር አየዋለሁ። አንድ መስመር አንብቤ አንድ ጊዜ አየዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፍጦኝ ያጠናሁበት ጊዜ የለም። ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ቀዳ፤ አንድ ቀንም አልለገመም። አርብ አርብ አንዳንዴ እሱ ያሸንፈኝ ነበር። እፍ ማለቱን ግን ተወ።

በእነዚያ ከሰዓቶች ባጠናሁት ነው ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ፣ ቀጥሎም ከጎጃም ውጭ ያለ ዩኒቨርሲቲ የደረስኩት። ሞላ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ አማኑኤል ከተማ በር እና መስኮት ይበይዳል። አያ ጥበቡ የራሱን የቅኔ ጉባኤ ተክሎ ያስተምራል። እኔ ደግሞ ውርጭ በሌለበት አገር፣ ጠመኔ የማይሸትበት ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ። እዚህ ማንም ማንንም አይኮረኩምም።

ባለፈው ወር በዚያ ቀን፣ ውሃውን ጠጥቼ ከጨረስኩ በኋላ፣ መምህሩ በ«ጎት» ዓረፍተ ነገር የሚሠራ ሲጠይቅ እጄን አነሳሁ። በምችለው ጥንቃቄ ሁሉ ተናገርኩ። ትክክል ነበር። መምህሩ ግን ዓረፍተ ነገሬን በእኔው አነጋገር፣ በጎጃምኛ ቅላጼዬ አስመስሎ ደገመው። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እሱ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። እኔ ግን እዚያው ገጽ ላይ ቀረሁ። ድሮ ያስከፋኝን ሰው ማታ ገበታ ላይ አገኘው ነበር። ስሙን፣ አናቱን፣ የሚመጣውን አርብ አውቃለሁ። አሁን የሳቀብኝ አዳራሽ ነው፤ አዳራሽ አናት የለውም።

ማታ የምደውልለት ሰው ሳስብ የመጣልኝ ሞላ ነበር። የብየዳውን ማሽን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አልሳቀም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ሰውዬው ረጅም ነው ወይስ አጭር?

«ረጅም ነው» አልኩት።

«ግድ የለም» አለ ሞላ። «በርጩማ ይዤ እመጣለሁ።»