የአያት ስም

የካርቦን ወረቀት በሸተተኝ ቁጥር ያ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ይመለስብኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነበር። ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ከሚላኩት መካከል ስሜ ስለወጣ፣ ግለ ታሪኬን በሦስት ቅጂ እንድሞላ ደሴ ካለው ቢሮ ተጠራሁ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ አጅበውኝ መጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስሜን ጻፍኩ፣ የአባቴን ስም ጻፍኩ፣ በአያት ስም ቦታ ላይ «ካቦ» አልኩ።

ስህተት መሆኑ አልገባኝም። አያቴ በወጣትነታቸው፣ ጣሊያን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ፈልጠዋል። ኋላም የሠራተኞች አለቃ፣ በጣሊያኖቹ አጠራር ካቦ፣ ተደረጉ። ከዚያ ወዲህ የደሴ ፒያሳ ባለሱቅ ሁሉ የሚጠራቸው በዚያ ነው።

ቅጹን የሚመረምረው ወጣት ካድሬ እስክሪብቶውን ቃሉ ላይ አሳረፈ።

«አባቴ፣ ካቦ የፋሺስት ቃል መሆኑን ያውቃሉ?»

«ካድሬስ፣ ልጄ? የወሎ ቃል ነው እንዴ?»

ታይፒስቷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ካድሬው አልሳቀም። ቅጹን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈና ሌላ ባዶ ቅጽ ሰጠኝ።

«ጣሊያንን ያገለገለ ቤተሰብ ያለው አይሄድም። ይጣራል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚጣራው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ነገ ጠዋት ሞልተሽ አምጪ» አለኝ።

ቤት ገብተን፣ አያቴ መግሪብ ሰግደው ሲነሱ፣ ባዶውን ቅጽ ጉልበቴ ላይ እንዳስቀመጥኩ ነበርኩ።

«ሞቷል ብለሽ ጻፊ» አሉ።

«አባባ፣ እንዴት አድርጌ?»

«በቀለም ነዋ!»

እኔ ማልቀስ ስጀምር አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«አብሽሪ። ጣሊያን ፍለጥ ሲለኝ ፈለጥኩ፤ እምቢ ያለው ጓደኛዬ እዚያው ገደሉ ውስጥ ቀረ። እነዚህ ደግሞ ሙት ካሉኝ እሞታለሁ። አንቺ ብቻ ተማሪ።»

ብጽፍ በእጄ ልቀብራቸው ነው። ባልጽፍ ደግሞ ያ የተቆለፈው ቅጽ ይወጣል፤ እኔ ከመቅረቴ በላይ እሳቸው ሊጠየቁ ነው። እውነተኛ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ከጎኑ «ሟች» አልኩ። ሦስቱም ቅጂ ላይ እንዲወጣ አጥብቄ ጫንኩት።

አሁን ተምሬ ተመልሻለሁ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። በየቀኑ የምመላለሰው እሳቸው ድንጋይ በፈለጡለት መንገድ ነው። ያረፉት እኔ ሩቅ አገር ሳለሁ ነበር። መርዶው ሲደርሰኝ ለማንም አልተናገርኩም፤ በወረቀት ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበርና የሐዘን ፈቃድም አጽናኝም መጠየቅ አልቻልኩም።

ያኔ፣ ቅጹን በሞላሁ ማግስት ጠዋት፣ ነጠላዬን ለብሼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«አባባ፣ አይሸኙኝም?»

«ሙት ይሸኛል እንዴ!» አሉ ከውስጥ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተቋረጠ።

ብቻዬን ሄድኩ። ካድሬው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። «ሟች» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ትናንት ከሰውየው ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረው እሱ ራሱ ነው።

«አላህ ይማራቸው» አለ፣ ማኅተሙን እያነሳ።

«አሚን» አልኩ።