ኢሜይሌን ከዛሬ ጀምሮ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ

ዛሬ ሸዋሮቢት ውስጥ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል በገዛ እጁ የቀየረ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ! ማጨብጨብ ይቻላል።

ማንበብና መጻፍ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና አንድ ወር ነው፤ ፊደል ግን ከወዲሁ ይፈራኛል።

ጠዋት ደረጀ ስልክ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ኢሜይሌን የከፈተልኝ እሱ ነው። ልጄ ትዕግሥት ከዩኒቨርሲቲ የምትጽፍልኝንም ደንበኛ ሁሉ እየሰማ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ እሱ ነበር። ለዚህ ይሆናል ደብዳቤዋ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ አባዬ» ብቻ የሆነው።

ባንኮኒው ላይ ደብተር ተዘርግቷል። ድሮ ጭረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳነበው የሰፈሩ ሰው ስም ከነይለፍ ቃሉ ተደርድሯል። የእኔም አለ!

«ደረጀ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እንዳይጠፋብዎት ብዬ ነው ጋሼ።»

«መች ጠፋ፤ ለአገሩ ሁሉ ተዳረሰ እንጂ!»

ሳቀ፤ ደግነቱ አፈረም። የእኔን ገጽ ቀድዶ ሰጠኝና ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው። እኔም እዚያው ቆሜ አዲስ የይለፍ ቃል አስገባሁ። ቀጥሎ የመጣውን ደንበኛ «የይለፍ ቃልህን ራስህ ጻፈው፣ እኔ ፊቴን አዙሬያለሁ» አለው።

(ስልኬ ግን አሁንም ይሰልለኛል። ትናንት የውሃ ፓምፕ ፈልጌ ዛሬ ቀኑን ሙሉ የፓምፕ ማስታወቂያ ነው። እሱንም እደርስበታለሁ።)

ለትዕግሥት «ከእንግዲህ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ከሰዓት መልሷ መጣ፤ ወደ ታች ብስበው ብስበው የማያልቅ ደብዳቤ። ምን እንዳለች አልነግራችሁም። ዓይኔን የጠረግኩት በሙቀቱ ነው፤ ሸዋሮቢትን ታውቋታላችሁ።

እናንተስ ምስጢራችሁን ከማን እጅ አስመለሳችሁ? ጻፉልኝ፤ ራሴ አነበዋለሁ።