አባቴ የተሳሳተበት ድንኳን

አባቴ ኃጢአቱን ለመላው ምዕራብ ሸዋ ተናዟል። ለጉደር ተናዟል፣ ለጊንጪ ተናዟል፣ ሸነን ድረስ ሄዶ ለዘመዶቹ በኦሮምኛ ተናዟል። በደረሰበት ሁሉ ሕዝቡ በሃሌሉያ ተቀብሎታል። ሳይናዘዝላት የቀረች አንዲት ሰው ብትኖር አብራው የምትኖረው እናቴ ነበረች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአያቴ ቀብር ነው፤ ከእናቴ እናት። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት በእነዚያ ዓመታት፣ አባቴ ለግብርና ቢሮው ሥራ ጊንጪ ሄዶ ሳለ አያቴ አምቦ ላይ አረፈች። ተደወለለት፤ "መጣሁ" አለ። በማግስቱ ቀብሩ ሲፈጸም አባቴ የለም። አመሻሽ ላይ፣ ለቀስተኛው ገሚሱ ከተበተነ በኋላ፣ ጠጅ ጠጅ እየሸተተ ድንኳናችን ገባ። እናቴ "የት ነበርክ?" አለችው። አባቴ ያን ጊዜ ይጠጣ ነበር፤ ሲጠጣ ደግሞ ወይ ይዘፍናል ወይ ዝም ይላል። የዚያን ዕለት ዝም አለ።

እናቴ ጥያቄዋን አልደገመችም። ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ግን ተወች። ምክንያት አላጣችም። ቅድመ አያቶቿ ከመንዝ ወደ አምቦ ሲመጡ ይዘውት የመጡትን ጾም አንዱንም ሳታጎድል የምትጾም ሴት ናት፤ የኦርቶዶክስ ጾም ደግሞ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ለቅያሜ የሚበቃ ቀን አለው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። የሚያስቸግራት ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ጊዜ ነበር። ያኔ ጾም ስለሌለ ሆዷን ይቆርጣታል።

አባቴ የሸነን ልጅ ነው። ወላጆቹ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሱ ግን ካገባ ወዲህ ጸሎት ቤት ረግጦ አያውቅም ነበር። ከአያቴ ቀብር ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ጌታን ተቀበለ። መለወጡን አልክድም፤ ብክድ ግፍ ይሆንብኛል። ጠጁን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከሥራ ቀጥታ ወደ ቤት መምጣት ጀመረ። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ተሸክሞ ይወርዳል። በዚያው ልክ ደግሞ አብሮት መኖር አስቸጋሪ ሆነ። ዶሮ ሳይጮህ ቀስቅሶን ያስጸልየናል። ሻይ ይቅረብልህ ወይ ስትለው ስለ ጸጋ ይነግርሃል። ጸጋ ምን ማለት ነው ብለህ ባትጠይቀውም ይመልስልሃል፤ ያልደከምንበት፣ የማይገባን፣ እንዲያው በነፃ የተሰጠን ነው ይልሃል። እናቴ ምስር እየለቀመች ታዳምጠዋለች።

"ተለውጧል" አለችኝ አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ። "አልዋሽም፣ ተለውጧል። ግን ለእግዜር ነው የተለወጠው። ለእኔ ገና ነው።"

በአባቴ ወገኖች ዘንድ የዳነ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ ይመሰክራል። የአባቴም ተራ ደረሰ። ጸሎት ቤቱ ከቤታችን ጥቂት ግቢዎች አልፎ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ግን አጥር አያውቅም። እኔ ልብስ አሰጣለሁ፣ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ የአባቴ ድምፅ በሰፈሩ ላይ ይናኛል።

"ወገኖቼ፣ የምትወደኝ አማቴ ሞታ ልቀብር ተጠራሁ። መኪና እስኪመጣ አንድ ብርሌ ልበል ብዬ ገባሁ። ብርሌው ሌላ ብርሌ ጠራ። አምቦ ስደርስ ቀትር አልፎ ነበር። ድንኳን አየሁ። 'እናቴ! እናቴ!' እያልኩ፣ ደረቴን እየደቃሁ ገባሁ። ሰው ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ። አቅፈው አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ንፍሮ አቀረቡልኝ። በላሁና ጋደም አልኩ። ስነቃ የሟች ፎቶ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ለካስ የሞቱት ጺማም ሽማግሌ ናቸው!"

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የእድር ድንኳን ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ለቅሶ ስለነበረ፣ ታሪኩ እውነት ነው። የሚያስቅም ነው። እናቴ ግን ምስሩን ትታ ቀና አለች። ያን ያህል ጊዜ የጠበቀችው መልስ መጣ፤ የመጣው ግን ለጉባኤው ነው።

ይባስ ብሎ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "እንዴ! መንገድ ተዘግቶበት ነው አላልሽንም ነበር?"

እናቴ ተነስታ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ አባቴ ተፈላጊ ሰው ሆነ። አንዱ ከተማ ኮንፈረንስ ሲኖር እሱ ይጠራል፤ የሰባኪውን ስብከት የሚረሳ ሰው የአባቴን ድንኳን አይረሳም። ኃጢአቱ ከከተማ ከተማ እያደገ ሄደ። አምቦ ላይ ብርሌ የነበረው ጠጅ ጊንጪ ላይ እንስራ ሆነ፣ ሸነን ላይ ጋን ሆነ። የወደቀበት ኃጢአት በከበደ ቁጥር ያወጣው ጸጋ የሚከብድ ሳይመስለው አልቀረም። አያቴ ግን በታሪኩ ውስጥ እያነሰች ሄደች። መጀመሪያ "የምትወደኝ አማቴ" ነበረች። ቀጥሎ "አማቴ" ሆነች። መጨረሻ ላይ "አንድ ለቅሶ ነበረብኝ" ማለት ጀመረ። ይህን ስሰማ ተናደድኩ፤ አያቴ በሃይማኖትም በቋንቋም ሰበብ ዘመድ ሁሉ አይሆንም ሲል "ልጄ ነው" ብላ የተቀበለችው ሴት ናት።

"አባዬ፣ እማዬን ይቅርታ ጠይቀሃታል?" አልኩት።

"ልጄ፣ ጌታ ይቅር ብሎኛል እኮ። በመስቀሉ አልቋል።"

"እሱ ገባኝ። ለእሷስ ነገርካት?"

"ሰምታለች" አለ በቅንነት። "ድምፅ ማጉያው እኮ እቤት ድረስ ይሰማል።"

እናቴም የዋዛ አይደለችም። "የእኔ ንስሐ አባት ቢሆኑ፣ መጀመሪያ ሂድና ከሚስትህ ታረቅ ነበር የሚሉት" ትላለች። እሷንም ታረቂ ብለዋት "እሱ ይምጣ እንጂ!" ብላ እንደመለሰች አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ አንዱ ጸጋውን ይዞ፣ ሌላዋ ጾሟን ይዛ፣ በሁለት ትሪ ይበላሉ።

እናቴ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። አንድ ቅዳሜ ከጉደር የመጣች ደንበኛ በርበሬ እየተሰፈረላት ሳቅ ሳቅ ይላታል።

"ምነው?" አለቻት እናቴ።

"አይ አዴ፣ አንድ ሰውዬ ትዝ ብሎኝ ነው። ሰክሮ የሰው ድንኳን ገብቶ፣ ለወንድ ሬሳ እናቴ እያለ አልቅሶ!" ሴትዮዋ ታሪኩን ከነጋኑ ተረከችላት። "ነገ ጉደር ኮንፈረንስ አለን፣ እንደገና ይናገራል። ኑ እንጂ አዴ፣ ሆድዎን ይዘው ነው የሚስቁት።"

እናቴ በርበሬውን ሰፍራ፣ ትንሽ መርቃ፣ አመስግና ሸኘቻት። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ "ተነሺ፣ ጉደር እንሄዳለን" አለችኝ።

የጴንጤ ጸሎት ቤት ገብታ አታውቅም። በሩ ላይ ስንደርስ የምትሳለመው ነገር ፈለገች፤ የቀለም ቅብ ብረት በር ነው። ቀጥሎ ልማዷ አሸነፋትና ጫማዋን አወለቀች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ጫማውን አድርጎ ተቀምጧል፤ የእሷ ነጠላ ጫማ ብቻውን ደጃፉ ላይ ቀረ። ልነግራት ስል ፊቷን አይቼ ተውኩት። ከመሃል አካባቢ ተቀመጥን። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለብሳዋለች።

አባቴ ማይኩን ይዞ ጊንጪን አለፈ፣ ጋኑን ጠጣ፣ አምቦ ደረሰ። ታሪኩን የሚያውቁት ገና "ድንኳን አየሁ" ሲል መሳቅ ጀመሩ። አባቴም ሳቃቸውን ሊቀበል ዓይኑን ወደ ሕዝቡ ሲወረውር የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ።

"ከዚያ..." አለ።

ሰዉ ጠበቀ።

"ከዚያ..." ሁለት እጁን ማይኩ ላይ አጣበቀ። "እዚያኛው ድንኳን ውስጥ የሆነውን ስነግራችሁ ኖሬያለሁ። በራሳችን ድንኳን የሆነውን ግን አላውቀውም። አልነበርኩም። ጠይቄም አላውቅ።"

ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጦ በጎን በር ወጣ። መሪው ግራ ተጋብቶ ለመዘምራኑ ምልክት ሰጠ፤ እነሱም የመጣላቸውን ሞቅ ያለ መዝሙር ጀመሩ። ከኋላችን አንዱ "ዛሬ ምነው አሳጠረው" ሲል ሰማሁት።

ስንወጣ አባቴ ዋናው በር ላይ ቆሟል። የእናቴን ጫማ በሁለት እጁ ይዟል። ጎንበስ ብሎ እግሯ ሥር አኖረላት።

"ንገሪኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ያን ቀን።"

እናቴ ጫማዋን አጥልቃ ወደ መኪና መንገዱ ወጣች። ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን፤ እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላዬ። ገና ከጉደር ሳንወጣ ጀመረች። ድምጿን ዝቅ ማድረግ አላሰበችም።

"አስከሬኗን አላስወጣም አልኳቸው። አማቿ ሳይደርስ እናቴ ከቤት አትወጣም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ካህናቱ ቆመው ጠበቁኝ። ደመናው መጣ፣ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የት ነው ሲሉኝ መንገድ ተዘግቶበት ነው አልኩ። እውነትሽን ነው ሲሉኝ ማርያምን አልኩ። በእናቴ ሬሳ ፊት ማርያምን ብዬ ማልኩልህ፣ የት እንዳለህ ሳላውቅ! አስከሬኗን በአንተ ቦታ ጎረቤት ተሸከመው። አንድ ሰው እንዳያማህ ብዬ ነው። ከዚያ አንተ ማይክ ይዘህ ጸደቅክ። እኔ ዋሾ ሆኜ ቀረሁ።"

ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። ይህኛው ምስክርነት ድምፅ ማጉያ አልነበረውም፤ ሚኒባሱ ሙሉ ግን ሰማው። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ መታገሥ አቃታቸው፦ "ኧረ ኦቦ፣ ይቅርታ ይጠይቋት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?"

አባቴ በአማርኛ አንድ ነገር ጀመረና ተወው። ሲመሰክር አማርኛው ያምራል፣ ሲያመው ግን ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። "ዺፋማ ናፍ ጎዺ" አላት። ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለው ሰማሁ። ዞሬ አላየኋቸውም፤ አለቅስ ነበር። እናቴ አምቦ እስክንገባ ድረስ አልመለሰችለትም።

ከዚያ ወዲህ አባቴን ለምስክርነት የጠራው የለም። አልፎ አልፎ የሚጠይቁት አሉ፤ ታሪኩ አሁን ሳቅ የለበትም ሲባሉ ይተዉታል። የእኔ ታሪክ ግን የሚያልቀው እዚያው ቀን እቤት ነው። ወቅቱ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር፤ እናቴን ሆዷን የሚቆርጣት ሰሞን። ከጓዳ አንድ ትሪ ይዛ ወጣች። ሌላ ትሪ ታስከትላለች ብዬ ስጠብቅ መጥታ አባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እጇን ታጠበች። አባቴ ጸሎት ሊጀምር አፉን ከፈተ፣ እሷን አየና ከደነው።

"ንፍሮው እንዴት ነበር?" አለችው።

"የቱ?"

"የጺማሙ ሰውዬ።"

አባቴ እኔን አየኝ፣ ትሪውን አየ። "ጨው አንሶት ነበር" አለ በመጨረሻ፣ በጣም ዝግ ብሎ።

"የእኛ በዝቶበት ነበር" አለች እናቴ። "ነፍሷን ይማረውና፣ እማማ ብትቀምሰው ኖሮ አንተ የገባህበትን ድንኳን ትመርጥ ነበር።" ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባዋ እስኪወርድ።

መላውን ምዕራብ ሸዋ ሲያስቅ የኖረው ሰው፣ እሱም መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቀ።

"ብላ እንጂ" አለችው። "ይቀዘቅዛል።"