የማረፊያ ካርታ የተባለው የአያቴ መርከብ

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል አንድ ነው። የአያቴን መርከብ ሥዕል ጣራዬ ሥር አስቀምጬ በመገኘቴ አሥራ ስድስት ቀን ታሰርኩ። መታሰሬን ብቻ አይደለም በደል የምለው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ታስሯል፤ ከእኔ የባሰ ያየም አለ። በደሉ ወረቀቴ አለመመለሱ፣ "ተሳስተናል" የሚል አንድ ቃልም ማንም ጽፎ አለመስጠቱ ነው።

አዲሱ ክልል ገና መቋቋሙ ነበር። አሶሳ ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ጽሕፈት ቤት ይከፈታል፤ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ሹም ይመጣል። ጠመንጃ የያዘውም ብዙ ነበር፤ የማን ወገን እንደሆነ በልብሱ አይለይም። አንድ ሰኞ ማለዳ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ጥይት ተተኮሰ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ።

እኔ ቤት ሦስት ሆነው ገቡ። የማሽላ ጎተራዬን በዱላ ወጉት። አንዱ ቀና ሲል ከጣራው ሣር መሐል የተሰካ ቀርከሃ አየ። በእኛ አገር ቀርከሃ የሌለበት ቤት የለም፤ ግድግዳውም አልጋውም ቀርከሃ ነው። ይህኛው ግን አፉ በጨርቅና በሰም ተደፍኗል። ሲያወርዱት እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ መንቀጥቀጥ ጎዳኝ። "ለምን ትፈሪያለሽ?" አለኝ አንዱ። የፈራሁት ወረቀቱ እንዳይቀደድ ነበር፤ ግን ፍርሃት ሁሉ መልኩ አንድ ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሰፋሪዎች እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። እህሉ ካለቀ ስንት ዘመኑ፣ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ሲተነፍሱት ምላስ ላይ ይመርራል። መስኮት የለውም። በሩ ሥር አራት ጣት የምታህል ክፍተት አለች፤ በእሷ የሰው ጫማ ይታያል። እስር ቤት ውስጥ መጀመሪያ የለመድኩት ሰውን በጫማው ማወቅ ነበር።

አንዲት ሴት ቀድማኝ ገብታ ነበር። የወለጋ ሰው ናት፤ ባምባሲ ጨውና ሳሙና ትነግዳለች። ባሏን ፈልገው ቢያጡት እሷን ያዟት። "አዮ" ብላ ጠራችኝ፤ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። የቤቱን ወግ የነገረችኝ እሷ ናት። ስሜን ካልጠሩ እንዳልነሣ፣ ሲያስነሡኝም ነጠላዬን ይዤ እንድወጣ መከረችኝ። ለምን ነጠላዬን አልኳት። "ላትመለሺ ትችያለሽ፣ አዮ። ብትመለሺም ሰው ከምርመራ ሲወጣ ይበርደዋል" አለች።

ከግድግዳው ማዶ የሚያስል ሰው ነበር። መልኩን አይተን አናውቅም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ በበራችን ፊት ብዙ ጫማ አለፈ፤ ከጫማዎቹ መሐል አንድ ባዶ እግር ነበር። ከዚያ በኋላ ሳሉ አልተሰማም። ተፈትቶ ይሆናል አለች ሴትየዋ። አዎ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ግድግዳ አላየንም።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ተጠራሁ። ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ።

መርማሪው ከደጋ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የአያቴን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አራቱን ጫፍ በአራት ጥይት አስያዘው።

እዚህ ላይ ወረቀቱ ምን እንደነበር ልናገር። አያቴ በልጅነቱ ሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ከኩርሙክ ወዲህ ካለ ኮረብታ ላይ በባሪያ ፈንጋዮች ተያዘ። በእግሩ እስከ ባሕር ነዱት፤ ሳምቡክ በምትባል ጀልባ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ጠቀጠቁት። ባሕር ላይ አንዲት የእንግሊዝ የመድፍ መርከብ ደርሳ ሳምቡኳን ያዘች። አያቴ ነፃ ወጣ። አገሩ ግን ሩቅ ነው፤ ወዴት ይሂድ? መርከቧ ላይ እሳት ቆስቋሽ ሆኖ ቀረ። እንግሊዞቹ እሱንና መሰሎቹን ከእሳቱ ፊት ያቆሟቸው እናንተ ሙቀት ትችላላችሁ እያሉ ነበር። "እሳቱ ሁላችንንም እኩል ያቃጥላል፤ ቀለቡ ግን እኩል አልነበረም" ይል ነበር አያቴ። እርጅናዋ ደርሶ ልትፈርስ ስትል፣ የመርከቧ አናጢ የተሠራችበትን ሥዕል ሰጠው። እሱን ይዞ በስንት ዓመቱ አገሩ ገባ።

እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ሥዕሉን እየዘረጋ ያስጠናኝ ነበር። የጎድን አጥንቷ ብረት ነው፤ ቆዳዋ ጣውላ፤ ከሆዷ ሥር የባሕር ትል እንዳይበላት መዳብ ለብሳለች። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ ትልልቆቹ መርከቦች የማይደርሱበት ወንዝ አፍ ውስጥ ትገባለች። ነፋስ ሲኖር በሸራ ትሄዳለች፤ ነፋስ ሲተኛ በከሰል። ትልቁ መድፏ መሐሏ ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ክብ ሐዲድ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይዞራል። አያቴ ይወዳት ነበር፤ ግን አይዋሽላትም። አንድ ጊዜ አንድ ሼኽ ግብር አልሰጥም ስላለ በባሕሩ ዳር ያለችውን መንደሩን ስትመታ እሳቱን የሚቆሰቁሰው እሱ ነበር። ለትልቅ ጦርነት ትንሽ ናት፣ ለትንሽ መንደር ግን ትልቅ ናት ይል ነበር።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ሥዕል ነበር። ከላይ መርከቧ በጎኗ፣ ሸራዋና ጭስ ማውጫዋ ሁሉ ይታያል። ከታች ደግሞ ወለሏ፣ ከሰማይ ሆነው ቁልቁል እንደሚያዩት። የላይኛውን ምስጥ በልቶታል። የቀረው የታችኛው ነው፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ ጫፉ የሾለ ነገር፣ ውስጡ ክብ ክብ።

መርማሪው ጣቱን በረጅሙ መስመር ላይ አስኬደ። ይህ የአውሮፕላን ማረፊያው ነው አለ። ክቦቹ ቤቶች ናቸው። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም። በእኛ አገር ቤት ሁሉ ክብ ነው፤ ከላይ ላየው ሰው መንደራችን እንደዚያው ነው። መሐል ላይ ያለውን የመድፉን ሐዲድ ምሽግ አለው። እዚያ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ቃል መምህር አስጠርቶ አስነብቦታል፤ "መድፍ" ይላል።

"ይቺ መስቀልስ?" አለኝ። በሚስማር የተጫረች ትንሽ ምልክት ናት። "የሚመታው ቦታ ነው?"

"አያቴ የሚቆምበት ነው። እሳቱ ያለው ከእሱ ሥር ነው።"

"ክቦቹስ?"

"ትልልቆቹ የሸራ ምሰሶዎቹ ናቸው። ትንንሾቹ ከሰል የሚጨመርባቸው ጉድጓዶች።"

"መርከብ ከሆነ ውሃው የታለ?"

"ውሃውማ ባሕሩ ጋ ቀርቷል።"

አልሳቀም። ልጄ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ልጄ በኩርሙክ በኩል እየተሻገረ ይነግዳል፤ ጫማ ወስዶ ስኳር ያመጣል። ቅዳሜ ይመለሳል። መርማሪው ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። ወረቀቱን ልጄ ከማዶ እንዳመጣው ከተናገርኩ በዚያው ቀን ቤቴ እንደምገባ አስረዳኝ፤ በለሆሳስ፣ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ቀን ቆጠርኩ። ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ልጄ ይመጣል፤ እናትህ ታስራለች ይሉታል፤ በገዛ እግሩ እዚህ በር ላይ ይቆማል። የማስጠነቅቅበት መንገድ የለኝም። ከኩርሙክ መንገድ የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር ጆሮዬን በሩ ሥር እደፋለሁ።

ሰው ያላየውን ነገር በአፍ ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል ያን ቀን ገባኝ። ስለዚህ መርከቧን ልሠራት ተነሣሁ። የምንተኛበት የቀርከሃ ምንጣፍ ጫፉ ተፈትቷል። ከእሱ በጥርሴ እየሰነጠቅሁ ስንጥር አወጣሁ። አሠራሩ ጎተራ እንደ መሥራት ነው፤ መጀመሪያ የጎድን አጥንት፣ ቀጥሎ ቆዳ። ቁመቷን ከክርኔ እስከ መሐል ጣቴ አደረግኋት፤ የሥዕሉ ልክ ያ ነው፤ አያቴ በልጅነቴ በራሱ ክንድ ሲለካው አይቻለሁ፤ ሳድግም በራሴ ለክቼዋለሁ። ለቆዳዋ ሴትየዋ መጸዳጃ ስትወጣ የማንጎ ቅጠል በጉያዋ ይዛ ገባች። የማሽላ ገንፏችንን ከፍለን ማጣበቂያ አደረግነው።

"አዮ፣ በዚህ ነው የምናመልጠው?" አለች።

"አንቺ ወፍራም ነሽ። ትሰጥሚብኛለሽ።"

አፏን በነጠላዋ አፍና ሳቀች። ወዲያው ጫማ መጣ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ጫማው በሩ ላይ ቆሞ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ኃይለኛ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ሰው አያነጋግርም። መርከቧን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ሳልጠየቅ ጥይቶቹ መሐል፣ ሥዕሉ ላይ አስቀመጥኳት። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ገጠመች። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጠርዙ አስተያየ። ብድግ አድርጎ ወደ በሩ ወሰዳት፤ ከጣራው የሚወርደው ጎርፍ ቦይ ሞልቶ ይሄዳል። እዚያ ላይ አኖራት። ተንሳፈፈች። አንድ ጣት እንኳ ሳትጠልቅ ጭቃውን ውሃ እየተሻገረች ሄደች። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከዓይኑ እስክትጠፋ አያት። ፊቱ የሰው ፊት ሆነ። አበቃ፣ ተፈታሁ አልኩ በልቤ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ከመሳቢያው የተጻፈ ወረቀትና የጣት ቀለም አወጣ። ወረቀቱ ልጄ ካርታውን ከማዶ እንዳመጣ ይናገራል።

"አለቆቼ መልስ ይፈልጋሉ፣ እማማ" አለኝ። "አውራ ጣትሽን ብቻ።"

ፍርሃት አልለቀቀኝም። ያንን ሳል አሰብኩ፤ ባዶውን እግር አሰብኩ። ደግሞ ቅዳሜን አሰብኩ።

"መጻፍ እችላለሁ" አልኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ፈጣን አይደለም፣ ግን ይጽፋል። ብዕሩን ሰጠኝ። ስሜን የምፈርም መስሎት ነበር። ከተጻፈው ሥር ይህን ጻፍኩ፦ "ይህ መርከብ ነው። አያቴ ሠርቶባታል።" ከዚያ ስሜን ሙሉውን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አልቸኮልኩም።

አነበበው። አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ዘበኛውን ጠራ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ማንም አልጠራኝም። ቅዳሜ የኩርሙክ መኪና ሲገባ ሰማሁ። ልጄ በሩ ላይ ይሁን፣ ውስጥ ይሁን፣ ከሚያስለው ሰው ጋር ይሁን፣ የሚነግረኝ አልነበረም። ዘበኛውን ስጠይቀው "አላውቅም፣ እናት" ይላል። ሴትየዋ እጄን ይዛ በቋንቋዋ ትጸልያለች፤ እኔም በራሴ። በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀኖች የተሰማኝን ፍርሃት ለመጻፍ ፊደሉ አይበቃኝም፤ እተወዋለሁ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን በሩ ተከፈተ፤ ሂጂ ተባልኩ። ውጭ ልጄ ቆሞ ነበር። ቅዳሜ እንደደረሰ ይዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀውታል፦ ቅድመ አያትህ ሥራው ምን ነበር? "መርከብ ላይ እሳት ይቆሰቁስ ነበር" ብሏል። በዚያው ሰዓት ለቀቁት። ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም። እሱም በየቀኑ መጥቶ በሩ ላይ ይቆም ነበር፤ ይህንንም አላወቅሁም። ሴትየዋ ከእኔ በኋላ ወር ቆይታ ወጣች፤ ባምባሲ ስሄድ እሷ ጋ አድራለሁ።

ለወረቀቴ ማመልከት ጀመርኩ። ጽሕፈት ቤቱ ተለወጠ፤ ሹሙም ስንቴ ተለዋወጠ። ማኅተሙ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ አመለከትኩ። እማማ፣ ለአንድ አሮጌ ወረቀት ይሉኛል። አንዱማ እኔን ሲያይ በኋላ በር ይወጣ ነበር። እኔ የምለው አንድ ነው፤ ከቤቴ ወጥቷል፣ ወደ ቤቴ ይመለስ። ካልተመለሰ ምን እንደነበረ ይጻፍልኝ። እስከዚያው መርከቧን ከራሴ አውጥቼ ሣልኳት። መስመሬ ጠማማ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ቦታው ላይ አለ፣ መስቀሏም ጭምር። በቀርከሃ አድርጌ ጣራው ሥር ሰካኋት። መኪና ከኩርሙክ ሲመጣ ዛሬም እጄ ሥራውን ያቆማል፤ እሱን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፤ አልጠይቅምም።

አምና አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የድሮውን መዝገብ አገኘው። ቆሞ አነበበልኝ፤ የመርማሪው እጅ ጽሑፍ ነው። ጻፍልኝ አልኩት። ጻፈልኝ፣ ማኅተምም አደረገበት። እንዲህ ይላል፦

"የጠየቁት ወረቀት አልተገኘም። የመርከብ ሥዕል መሆኑና ከወንጀል ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑ፣ እርስዎ በተያዙ በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተመዝግቧል።"